አዲሱ ፒካፕ ፍሬኑ ለምን ይሰምጣል?

አዲስ ፒካፕ ገዝቶ ወደ አዲስ አበባው መሪ ሰፈር ያስገባ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ጊዜ ቅር የሚለው ፍሬኑ ነው። የቀድሞ መኪናው ፔዳሉ ገና ሲነካ ይይዝ ነበር፤ አዲሱ ግን ወረድ ብሎ፣ ለስለስ ብሎ፣ ቆየት ብሎ ነው የሚይዘው። ሻጩ “አዲስ ስለሆነ ነው፣ እየነዱት ይለምዱታል” ይላል። ጎረቤት “አየር ገብቶበታል” ይላል። የሰፈሩ ጋራዥ “ፍሬን ማስተሩ ነው፣ ይቀየር” ይላል። ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ችግሩ ሦስቱም ፔዳሉን ሳይረግጡ መናገራቸው ነው።

ለመሪ ነዋሪ ደግሞ ጉዳዩ እንዲህ በግምት የሚታለፍ አይደለም። በባቡሩ ሐዲድ ዳር ወደ አያት የሚሄደው መንገድ ሜዳ ቢመስልም፣ በሰሜን በኩል የየካና የእንጦጦ ተራሮች ተደርድረዋል። የከተማው መሀል ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ሲሆን እንጦጦ 3,000 ሜትርን ያልፋል። ከኮተቤ በካራ በኩል የሚወጣው መንገድ በለገጣፎና በሰንዳፋ አድርጎ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደብረ ብርሃን ይደርሳል፤ ከዚያም ጣርማ በር ላይ እንደገና ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ቁልቁል ይለቀቃል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሰውና ዕቃ የጫነ ደብል ጋቢና ፒካፕ 3 ቶን ገደማ ይመዝናል። ያን ክብደት ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት በፍሬን ብቻ ይዞ ለማውረድ የሚሞክር ሹፌር በዲስኩና በታምቡሩ ላይ የሚፈጥረው ሙቀት ከ150 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ስለዚህ ጥርጣሬው መፍትሔ ማግኘት ያለበት ሰፈር ውስጥ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ነው።

የፍሬን አሠራር ቀላል ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ከኮፈኖው ሥር ያለው ፍሬን ማስተር ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱ በቀጫጭን የብረትና የጎማ ቱቦዎች አልፎ ወደ አራቱ እግሮች ይሄዳል። በአብዛኞቹ ፒካፖች ላይ፣ በእኛ መንገድ የሚበዛውን ሃይሉክስ ጨምሮ፣ የፊት እግሮች ዲስክ፣ የኋላዎቹ ታምቡር ናቸው። ፊት ላይ ዘይቱ ፓዱን ከዲስኩ ጋር ያጣብቃል፤ ኋላ ላይ ሸራውን ከታምቡሩ የውስጥ ግድግዳ ጋር ያገናኛል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ዘይት ስለማይጨመቅ ነው። አየር ይጨመቃል፣ ያረጀ የጎማ ቱቦ ያብጣል፣ ከታምቡሩ የራቀ ሸራ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ዘይት ይፈልጋል። እግር ላይ የሚሰማው ልስላሴ፣ የተረገጠው ጉልበት መኪናውን በማቆም ፈንታ ከእነዚህ በአንዱ ላይ እየባከነ መሆኑን ይናገራል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት የልስላሴው ዓይነት መታወቅ አለበት።

ምርመራው ሞተር ጠፍቶ ይጀመራል። ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ደጋግሞ መርገጥ ሰርቮው ውስጥ የቀረውን ቫክዩም ይጨርሰዋል። ሰርቮ ማለት ከፍሬን ማስተሩ ኋላ የተቀመጠው፣ የእግርን ጉልበት የሚያግዘው ትልቅ ክብ ክፍል ነው። ቫክዩሙ ካለቀ በኋላ ፔዳሉ ከፍ ብሎ፣ ጠንክሮ መቆም አለበት። ያን ጊዜ እግርን ሳያነሱ አጥብቆ ይዞ ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ ነው። ፔዳሉ ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከተጓዘ ዘይት አንድ ቦታ እየሸሸ ነው፤ ወይ ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ወይ በማስተሩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ግፊቱን አልይዝ ብሎ ዘይቱ ተመልሶ ያመልጣል። እንዲህ ያለ መኪና ከግቢ መውጣት የለበትም፤ ወደ ጋራዥም ቢሆን ተጭኖ እንጂ ተነድቶ አይሄድም።

ፔዳሉ ካልሰመጠ፣ እንደተረገጠ ሞተሩን ማስነሳት ነው። በዚህ ጊዜ ከእግር ሥር ትንሽ ዝቅ ይላል። ይህ የጤና ምልክት ነው፤ ሰርቮው ሥራ ጀመረ ማለት ነው። ብዙ አዲስ ገዢ ይህችን መውረድ ብልሽት አድርጎ ይወስዳታል። እንዲሁም ሞተር በርቶ፣ መኪናው ቆሞ፣ ፔዳሉን በሙሉ ጉልበት የሚጫን ሰው ከጠበቀው በላይ ሲወርድ ሊያይ ይችላል። በጉዞ ላይ ግን መኪናው የሚቆመው ከዚያ በጣም ባነሰ ጉልበት ነው። ሻጩ “እንዲህ ነው” ሲል ልክ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ የፒካፕ ፍሬን ሲሠራ ለባዶውም ለጭነቱም እንዲሆን ተብሎ ስለሆነ፣ ባዶ ሳለ በትንሽ ንክኪ ጎማ እንዳይቆልፍ መጀመሪያው ላይ ለስለስ የሚል ብዙ ነው። አዲስ ፓድም ከዲስኩ ጋር እስኪዋደድ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ይፈልጋል።

ሁለት ሦስቴ ሲረገጥ ከፍ እያለ የሚሄድ ፔዳል ግን በዚህ አይታለፍም። ይህ ምልክት ሁለት ምክንያት አለው፦ አየር፣ ወይም ከታምቡሩ የራቀ የኋላ ሸራ። ሁለቱን የሚለየው ሙከራ ደግሞ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ የእጅ ፍሬኑ አጥብቆ ይሳባል፤ ከዚያ ፔዳሉ ይረገጣል። የእጅ ፍሬኑ ሸራውን አስቀድሞ ወደ ታምቡሩ ስለሚያስጠጋው፣ ፔዳሉ አሁን ከፍ ብሎ ከያዘ ጥፋቱ የኋላ ሸራ ርቀት ነው። እንደ ስፖንጅ መለስለሱን ከቀጠለ ደግሞ አየር መጠርጠር አለበት። ይህን ሙከራ የሚያውቅ መካኒክ ስንቱን ጤነኛ ማስተር ከመቀየር እንደሚያድን ማሰብ አያዳግትም።

አዲስ መኪና ሸራው ለምን ይርቃል? የታምቡር ፍሬን ክፍተቱን ራሱ የሚያጠብብበት ትንሽ ዘዴ ውስጡ አለው። በአንዳንዱ ሞዴል ይህ ዘዴ የሚንቀሳቀሰው በኋላ ማርሽ እየሄዱ ፍሬን ሲያዝ ነው፤ በሌላው የእጅ ፍሬን ሲሳብ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ፒካፕ የገዛ ሰው ማርሹን ፓርኪንግ ላይ አድርጎ ይወርዳል፣ የእጅ ፍሬኑን ወራት ሙሉ አይነካውም፤ ዘዴውም ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። መፍትሔው ጎማውን በክሪክ አንስቶ፣ ታምቡሩን አውጥቶ ወይም ከጀርባው ባለችው ቀዳዳ ገብቶ፣ ሸራው ለስሙ ያህል እስኪነካ ማጥበብ ነው። መለዋወጫ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም።

አየር ከሆነ ደግሞ ሥራው የሁለት ሰው ነው። በየካ ጋራዦች ይህን ሲሠሩ የቆመ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። መካኒኩ ከሥር ይተኛል፣ ረዳቱ ጋቢና ውስጥ ይቀመጣል። ከጎማው ጀርባ ባለችው የአየር ማውጫ ቡሎን ላይ ነጭ ቀጭን ቱቦ ይሰካል፤ ሌላው ጫፍ ጥቂት ዘይት በተጨመረበት የሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ ይጠልቃል። “ርገጥ! … ርገጥ! … ያዝ!” ይላል ከሥር። “ያዝኩ!” ይላል ልጁ ከላይ። ቡሎኗ ሩብ ዙር ትፈታለች፤ ዘይቱ ይፈናጠራል፣ አረፋው ተከታትሎ ሃይላንዱ ውስጥ ይፍለቀለቃል፣ የልጁ እግር ወለሉን ይነካል። “እንዳትለቅ!” ቡሎኗ ትጠብቃለች። “አሁን ልቀቅ!” ልጁ ቡሎኗ ሳትጠብቅ እግሩን ካነሳ የወጣው አየር በዚያው ይመለሳል። የዘይት መያዣው ሳይታይ ባዶ ከሆነም ማስተሩ ራሱ አየር ይስብና ሥራው ከሀ ይጀመራል። ንጹሕ ዘይት ያለ አረፋ እስኪወርድ በአራቱም እግር፣ አምራቹ ባዘዘው ተራ ይደገማል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የአየር ማውጫዋ ቡሎን ከካሊፐሩ ላይኛ በኩል መሆን አለባት፤ አየር ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሰበሰባልና። ፓድ ወይም ዲስክ ሲቀየር የቀኙና የግራው ካሊፐር ከተቀያየሩ ቡሎኗ ወደ ታች ትዞራለች። ያኔ መካኒክና ረዳት ቀኑን ሙሉ “ርገጥ፣ ያዝ” ቢባባሉ ዘይት እንጂ አየር አይወጣም። ሁለተኛው የኤቢኤስ ክፍሉ ነው። አየር ከውስጡ ቫልቮች ከገባ በእግር ብቻ አይወጣም፤ ክፍሉን በኮምፒውተር አዝዞ ፓምፑን ማስጮህ ያስፈልጋል። ፍሬኑ ከተነካካ በኋላ ልስላሴው አልለቅ ያለ አዲስ ሞዴል ፒካፕ ያለው ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት “ኮምፒውተር ላይ ተሠርቷል ወይ?” የሚለውን ነው።

የሚያንጠባጥብ ዘይት ፍለጋም ከመሬት ብቻ አይደለም። የጎማው የውስጥ ገጽ፣ የታምቡሩ ጀርባ፣ የቱቦዎቹ መጋጠሚያ በጨርቅ ይጠረጋል። ከሁሉ የሚረሳው ግን ፍሬን ማስተሩ ከሰርቮው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2016 በሰሜን አሜሪካ ወደ 271,000 የሚጠጉ የ2013 እና የ2014 ሞዴል ኤፍ-150 ፒካፖችን ለጥገና የጠራው በዚሁ ምክንያት ነበር። ዘይቱ ከማስተሩ እያመለጠ ወደ ሰርቮው ሆድ ይገባ ስለነበር መሬት ላይ ጠብታ አይታይም። ባለመኪናው የሚያየው የዘይቱ መጠን ሲጎድልና የፔዳሉ አረጋገጥ ሲለወጥ ብቻ ነው። አዲስ ፒካፕ ላይ የዘይት መያዣው ያለ ምክንያት ከጎደለ፣ መሬቱ ደረቅ መሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ 3.4 ሚሊዮን ያህል የ2014 እስከ 2018 ሞዴል ትልልቅ ፒካፖችንና ኤስዩቪዎችን ሲጠራ ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነበር። ለሰርቮው ቫክዩም የሚሰጠው ፓምፕ ከጊዜ ብዛት እየደከመ ፔዳሉ ይጠነክራል፣ መኪናው ለመቆም ይረዝምበታል። ይህን የሚያውቅ ሰው “ፍሬኔ ደካማ ነው” ከማለቱ በፊት ፔዳሉ ለስልሶ ነው ወይስ ጠንክሮ የደከመው ብሎ ይጠይቃል። የለሰለሰው ዘይትና አየር ያስመረምራል፤ የጠነከረው ቫክዩም ያስመረምራል።

የአገራችን ከፍታም ችግር የሚጨምረው በዚህ በቫክዩም በኩል ነው። ሰርቮው የሚሠራው በውጭው የአየር ግፊትና በውስጡ ባለው ቫክዩም ልዩነት ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ የአየር ግፊቱ ሙሉ ነው፤ አዲስ አበባ ሲደርስ በሩብ ያህል ይቀንሳል፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ከዚያም ይወርዳል። ስለዚህ ከመርከብ የወረደው ያው ፒካፕ እዚህ ሲደርስ፣ በተለይ ተጭኖ በኃይል ሲረገጥ፣ እግርን የበለጠ ያስቸግራል። ፔዳል ግን በከፍታ ምክንያት አይለሰልስም። “ደጋ ስለሆነ ነው” የሚለው መልስ ለሚሰምጥ ፍሬን አይሠራም።

ደጋው በሌላ መንገድ ያስቸግራል፤ ቁልቁለት ላይ ዘይቱን ያፈላዋል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ባሕርይ አለው። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ወደ 4 ከመቶ የሚጠጋ ውሃ ሲጠጣ ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። በከፍታ ቦታ የአየር ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ ከዚህም ጥቂት ዲግሪ ቀድሞ ይፈላል። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይጨመቃል። ጠዋት ሰፈር ውስጥ ደህና የነበረ ፔዳል ከደብረ ሲና በታች ድንገት ወለሉን የሚነካው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከቀዘቀዘ በኋላም ምንም እንዳልሆነ ይመለሳል። ጋራዥ ሲደርስ ምንም የማይታይበት መኪና ባለቤቱን ውሸታም ያስመስለዋል፤ ዘይቱን በውሃ መለኪያ ብዕር መፈተሽ ግን እውነቱን ያወጣዋል። የተቃጠለ ሽታ እየሸተተ ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናው አልቆም ካለ ደግሞ የጋሉት ፓዶቹና ሸራዎቹ ናቸው፤ ዘይቱ ላይሆን ይችላል።

አዲስ የሚባለው ፒካፕ ተሠርቶ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ወደብና መጋዘን ቆይቶ ገዢው እጅ የሚገባው ብዙ ወራት ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ብዙ አምራቾች የፍሬን ዘይት በየ2 ዓመቱ እንዲቀየር ያዝዛሉ፤ የሚቆጠረው ከሽያጩ ሳይሆን መኪናው ከተሠራበት ጊዜ ቢሆን ይሻላል። የሚጨመረው ዘይትም ገና ያልተከፈተ ዕቃ መሆን አለበት። ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ዘይት ውሃውን እዚያው ጠጥቶታል። የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት በስሕተት ከተጨመረ ደግሞ ጎሚኒዎቹን ሁሉ ያሳብጣቸዋል፤ ያኔ ከማስተር እስከ ካሊፐር መቀየር ይመጣል።

በእኛ አገር ጎልቶ የሚታይ ሌላ ምክንያት አለ፤ ባሌስትራ መጨመር። ፒካፑ በተገዛ ማግሥት ጭነት እንዲችል ተብሎ የኋላው ባሌስትራ ይደራረባል፣ መኪናው ከኋላ ከፍ ይላል። በብዙ ፒካፖች ላይ፣ በተለይ በቀደሙት ሞዴሎች፣ ከኋላው አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አለ። መኪናው ከኋላ ዝቅ ሲል “ተጭኗል” ብሎ ለኋላ እግሮች ብዙ ዘይት ይለቃል፤ ከፍ ሲል “ባዶ ነው” ብሎ ይቀንሳል። በባሌስትራ ከፍ የተደረገ መኪና ተጭኖም ቢሆን ቫልቩ ባዶ ይመስለዋል። የኋላ ፍሬን ይዳከማል፣ ሸክሙ ፊት ላይ ይወድቃል፣ የፊቱ ይግላል። ባሌስትራ ያስጨመረ ሰው የዚህ ቫልቭ ዘንግ እንዲስተካከልለት በግልጽ ቢጠይቅ ይበጀዋል፤ ካልተጠየቀ ብዙ ጊዜ አይነካም።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ ኤሌክትሪክ ፒካፕም ወደ ውይይቱ እየገባ ነው። እዚህ የፔዳሉ ስሜት ሌላ ነው። እግር መጀመሪያ ሲጫን መኪናውን የሚያዘገየው ሞተሩ ራሱ ኃይል እያመነጨ ባትሪውን በመሙላት ነው፤ ፓዱ የሚያግዘው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ሌሊት ባትሪውን እስከ 100 ከመቶ ሞልቶ ጠዋት ቁልቁል ሲወርድ ግን ባትሪው የሚቀበለው የለም፤ ሥራው ሁሉ ወደ ፓዱ ይዞራል፣ ፔዳሉም ትናንት የሚያውቀው አይመስለውም። ከ80 ወይም ከ90 ከመቶ በላይ ሳይሞሉ መውጣት ይህን ያስቀራል። የማይቀረው ሌላው ነገር፣ እንዲህ ባለ መኪና ፓዱ ብዙ ስለማይሠራ ዲስኩ ዝገት ይይዛል፤ በየጊዜው ጠበቅ አድርጎ ረግጦ ማጽዳት ያስፈልጋል።

ረጅም ቁልቁለት ላይ የሚሠራው ግን ለነዳጁም ለኤሌክትሪኩም አንድ ነው፤ ሳይጀመር ፍጥነት ቀንሶ፣ በከባድ ማርሽ ወይም በሞተሩ እየያዙ መውረድ፤ ፍሬኑን ሳያቋርጡ ከማሸት ይልቅ ጠበቅ አድርጎ ረግጦ መልቀቅ። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጎ መለቀቅ ጣርማ በርን በመሰለ ቦታ ሕይወት ያስከፍላል። ፔዳሉ ከሰመጠ ደጋግሞ መምታት፣ ማርሽ እያከበዱ መቀነስ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ መሳብ ነው።

ዋስትናው ያልተቃጠለ ፒካፕ ያለው ሰው በጎረቤት ጋራዥ አንዲት ቡሎን ከማስፈታቱ በፊት መኪናውን ወደ ገዛበት ይመልስ። ሲሄድም “ፍሬኑ ለሰለሰ” ብቻ ብሎ አይሂድ፤ ልስላሴው ጠዋት ነው ወይስ ከቁልቁለት በኋላ፣ ደጋግሞ ሲረገጥ ከፍ ይላል ወይስ አይልም፣ ተይዞ ሲቆይ ይሰምጣል ወይስ አይሰምጥም፣ የእጅ ፍሬን ሲሳብ ይለወጣል ወይስ አይለወጥም፣ የዘይቱ መጠንና የኪሎ ሜትሩ ንባብ ስንት እንደሆነ ጽፎ ይሂድ። የሻጩን መካኒክ አጠገቡ አስቀምጦ ይንዳ፤ የተሠራውንም በጽሑፍ ይቀበል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ለደረሰበት ጉዳትም ካሣ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ መብቱ የሚጠቅመው ግን ወረቀት ሲኖር ነው። አምራቹ ለጥገና የጠራው ሞዴል መሆኑንም በሻንሲ ቁጥሩ ማጣራት ይቻላል። የአሜሪካው የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ይህን በነጻ ያሳያል፤ የሚያሳየው ግን ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩትን ነው። ለአፍሪካ ወይም ለመካከለኛው ምሥራቅ ገበያ የተሠራ ፒካፕ የገዛ ሰው ጥያቄውን ከነሻንሲ ቁጥሩ ለአስመጪው በደብዳቤ አስገብቶ፣ አምራቹ የሰጠውን መልስ በጽሑፍ ይጠይቅ።